ጥልፍ የሚያድርበት ደብተር

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ንግግሬን አልዘጋ ባለ ደብተር ልጀምር። ይህ በእጄ የያዝሁት ደብተር ሽፋኑ ሰማያዊ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ገጾቹ ጠንከር ያለ ነጭ ወረቀት ናቸው፤ በውስጡም በተለያየ ጊዜ የሠራኋቸው 14 ትንንሽ ጥልፎች አሉ። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ጀርባው ከትንሿ ጣቴ ቀጥኖ ይታያል፤ የሚገለጥበት ዳር ግን እንደ አዞ አፍ ተከፍቶ ይቀራል። የሠራሁት እኔው ራሴ ነኝ። ባዶውን ሳለ ስዘጋው ጥርቅም ይል ነበር፤ ለጓደኞቼም ሁሉ በኩራት አሳይቼዋለሁ። ማበጥ የጀመረው ጥልፎቹን አንድ በአንድ ሳስገባበት ነው፤ ስድስተኛው ላይ ስደርስ በጥብጣብ አስሬ ያዝሁት፤ አሥረኛው ላይ ጥብጣቡም አጠረ። ዛሬ የምነግራችሁ ከሞላ ጎደል ከዚህ ደብተር የተማርሁትን ነው። ስሕተቱ ደብተሩን አስቀድሜ ሠርቼ፣ ጥልፉን በኋላ ማሰቤ ነበር።

ጥልፍ የሚሠራ ሰው ሥራው እየበዛ በሄደ ቁጥር ማሳየትና ማኖር የሚባሉ ሁለት የማይታረቁ ፍላጎቶች ይገጥሙታል። ሥራውን በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ለዐይን ሰጥቶታል፤ ለብርሃንም አብሮ ሰጥቶታል። ብርሃን በክር ቀለም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚጠራቀም እንጂ የሚመለስ አይደለም፤ ዛሬ አንድ ሰዓት፣ ነገ አንድ ሰዓት እየተደመረ ይሄዳል፤ አንዴ የደበዘዘ ቀለም ከዚያ በኋላ ጨለማ ውስጥ ቢከርምም አያገግምም። ቤተ መዘክሮች ጨርቃ ጨርቅ በሚያሳዩበት አዳራሽ መብራቱን ወደ 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) ዝቅ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው፤ በመስኮት አጠገብ ያለ ግድግዳ ግን በጠራራ ቀን ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ያገኛል። ሥራውን አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ የከተተ ሰው በበኩሉ ከብርሃን አድኖታል፤ ነገር ግን በእጥፋቱ መሥመር ላይ ክሩ እየተሰባበረ፣ ጨርቁም እየደከመ ይሄዳል፤ ሥራውም ከእንግዳ ዐይን ብቻ ሳይሆን ከባለቤቱም ዐይን ይጠፋል። ደብተር ሲገለጥ ያሳያል፣ ሲዘጋ ይጋርዳል፤ ጥልፉንም ሳያጥፍ ዘርግቶ ያስተኛዋል። ስለዚህ እኔ ደብተሩን እንደ ጌጥ ዕቃ አላየውም፤ የጥልፉ ማደሪያ ነው፤ ማደሪያ ደግሞ በሚያድርበት ሰው ልክ ይሠራል።

መርፌና መጽሐፍ የቆየ ወዳጅነት አላቸው፤ መጽሐፍ መጠረዝ ራሱ በመርፌና በክር የሚፈጸም ሥራ ነውና። በእንግሊዝ አገር በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን ሽፋናቸው በጥልፍ የተሠራ መጻሕፍት ይዘጋጁ ነበር። ከእነዚህ አንዱ፣ በኋላ ንግሥት የሆነችው ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. በ1544 መጨረሻ፣ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ለእንጀራ እናቷ ለካትሪን ፓር ያበረከተችው መጽሐፍ ነው፤ በሰማያዊ መደብ ላይ የብር ክር ሐረግ የተጣለበት ሽፋኑ ዛሬ በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርቡት ግን እንዲህ ዝነኛ ያልሆኑ ደብተሮች ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን በአየርላንድ ብሔራዊ ትምህርት ቤቶች ልጃገረዶች ስፌት ሲማሩ ቅምቅማቱን፣ የቁልፍ ቀዳዳውን፣ የጥጋኑን ዐይነት በትንንሽ ጨርቅ ላይ እየሠሩ በደብተር ገጽ ላይ ያኖሩ ነበር። የንግሥቲቱ ሽፋን ያስደንቀኛል፤ የተማሪዎቹ ደብተር ግን ያስቀናኛል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ገጽ አንዲት ልጅ በዚያን ዕለት ምን መሥራት እንደቻለች ይናገራል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። መጀመሪያ የሚለካው ጥልፉ ነው፤ የወረቀቱ ተራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የጥልፍን ውፍረት በዐይን መገመት ያሳስታል፤ ክር ለስላሳ ስለሆነ ሳይጫን ወፍራም፣ ሲጫን ስስ ይሆናል። እኔ ሁለት የካርቶን ቁራጮች ወስጄ ጥልፉን በመካከላቸው አስተኛለሁ፤ በላዩ አንድ መካከለኛ መጽሐፍ እጭናለሁ፤ የሁሉንም ድምር ከጎን በማስመሪያ ለክቼ የካርቶኖቹን ውፍረት እቀንሳለሁ። በራሴ ሥራዎች ላይ ስለካው፣ በስስ ጨርቅ ላይ በመስቀልኛ ስፌት የተሠራው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ቋጠሮ የበዛበት 3 ወይም 4 ይደርሳል፤ ዶቃ ያለበት 5ን ያልፋል። እንበልና በአማካይ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው 12 ጥልፎች በደብተሩ ይገባሉ፤ ድምሩ 36 ሚሊሜትር ነው። ገጾቹ እያንዳንዳቸው 0.3 ሚሊሜትር ቢሆኑ 12ቱ ቅጠሎች ተደምረው 4 ሚሊሜትር እንኳ አይሞሉም። ለወረቀቱ ብቻ የተጠረዘ ደብተር እንግዲህ 4 ሚሊሜትር ጀርባ ይዞ 40 ሚሊሜትር ዕቃ ሊሸከም ነው። የተረፈው 36 ሚሊሜትር ጀርባው ላይ ቦታ ስላጣ ወደ ዳር ይሸሻል፤ ሰማያዊው ደብተሬ አፉን የከፈተው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ በጀርባው በኩል ጥልፉ የሚያክል ውፍረት አስቀድሞ መትከል። ጠራዦች ጥራዝ የሚሉትን እጥፍ ወረቀት ውሰዱ፤ አንድ ሉክ ከመካከሉ ሲታጠፍ ሁለት ቅጠል ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ቅጠል ቀኝ ገጽ ላይ አንድ ጥልፍ ካረፈ አንዱ ጥራዝ 6 ሚሊሜትር ተጨማሪ ውፍረት ይሸከማል ማለት ነው። ስለዚህ ከዚያው ወረቀት ቁመታቸው ከገጹ እኩል የሆነ፣ ወርዳቸው 5 ሴንቲሜትር የሆነ ቁራጮች ቆርጠን ከመካከላቸው እናጥፋለን፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሲታጠፍ 0.6 ሚሊሜትር ይሆናል፤ 10 ቁራጭ 6 ሚሊሜትሩን ይሞላል። አምስቱን በጥራዙ እጥፋት ውስጥ፣ አምስቱን ከእጥፋቱ ውጪ አድርጎ ሁሉንም በአንድነት መስፋት ነው። እኔ እነዚህን ጠባብ ቁራጮች መሙያ እላቸዋለሁ። ስድስት ጥራዝ ሲሰፋ ባዶው ደብተር ጀርባው ወፍራም፣ ዳሩ ስስ ሆኖ እንደ ሽብልቅ ይታያል፤ የማያውቅ ሰው ተበላሽቷል ይላል። ጥልፎቹ ሲገቡ ግን ዳሩ ሞልቶ ከጀርባው ይስተካከላል። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ፤ መሙያው ከጀርባው 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ገጹ ይገባልና ጥልፉ ከዚያ ወዲያ ይጀምር። ጥልፉ በመሙያው ላይ ከወጣ ውፍረቱ በዚያ ቦታ ይደራረብና መሙያውን ያስገባንበት ምክንያት ከንቱ ይሆናል። ጥራዞቹን በወስፌ ቀድሞ በስቶ፣ በሰም በታሸ ጠንካራ የሊነን ክር መስፋት ይገባል፤ ሰሙ ክሩ እንዳይላላና ወረቀቱን እንዳይቀድ ይረዳል።

የወረቀት ምርጫ ላይ ብዙ ሰው የሚያየው ንጣቱን ብቻ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ጋዜጣ ቢጫ ሆኖ ሲሰባበር ሁላችንም አይተናል፤ ከእንጨት የመጣው ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር በብርሃንና በአየር እየተለወጠ፣ አሲድም እየተፈጠረ የሚያመጣው ነው። ያ አሲድ በወረቀቱ ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ ወደሚነካው ጨርቅ ይሻገራል። ስለዚህ ገጾቹ ከአሲድ ነጻ የሆነ ወረቀት መሆን አለባቸው። ከእነዚህ ወረቀቶች አንዳንዶቹ ወደፊት የሚመጣ አሲድ እንዲያከሽፉ ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርባቸዋል፤ ለጥጥና ለሊነን ይስማማሉ፤ ሐርና ሱፍ ግን ከእንስሳ የመጡ፣ ፕሮቲን የሆኑ ቃጫዎች ስለሆኑ እንዲህ ያለውን ወረቀት አይወዱትም፤ ለእነርሱ ካልሲየም ካርቦኔት ያልተጨመረበት ገለልተኛ ወረቀት ይሻላል። ገጹን ከአቧራ ለመከለል ሲባል የሚገባ ፕላስቲክም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ፒቪሲ እያረጀ ሲሄድ አሲድ ያወጣል፤ የግድ ከሆነ ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን ይሁን። እኔ በበኩሌ ፕላስቲክ አላስገባም፤ ጨርቅ እርጥበት የሚቀበልና የሚመልስ ነገር ነውና ሲታፈን ሻጋታ ይጠራል።

ከወረቀቱ ጋር ጠራዥ ሁሉ የሚያውቀው፣ ጀማሪ ሁሉ የሚዘነጋው ሌላ ጉዳይ አለ። ጨርቅ ድርና ማግ እንዳለው ሁሉ በፋብሪካ የተሠራ ወረቀትና ካርቶንም ቃጫው በብዛት የሚሄድበት አቅጣጫ አለው። ሉኩን ሳይሰበር በእጅ አጠፍ አድርጎ መዳፍ ሲያሳርፉበት በአንዱ በኩል እሺ ይላል፣ በሌላው በኩል ይገፋል፤ እሺ ያለበት እጥፋት ከቃጫው ጋር ትይዩ ነው። ወረቀት ሙጫ ሲነካው የሚሰፋው ከቃጫው በተሻጋሪ አቅጣጫ ስለሆነ፣ የገጹም፣ የካርቶኑም፣ የሽፋኑ ጨርቅ ድርም ሁሉም ከደብተሩ ጀርባ ጋር ትይዩ መሄድ አለባቸው። አንዱ ካፈነገጠ ሽፋኑ ሲደርቅ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ይጣመማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ጥልፍ ወደ ደብተር የሚገባው በስፌት ነው፤ ሙጫ አይነካውም። ይህን አጥብቄ የምናገረው በራሴ ስለደረሰ ነው። ከመጀመሪያ ሥራዎቼ አንዷን፣ በቀይና በብርቱካን ክር የተሠራች ትንሽ አበባ፣ አራቱን ማዕዘን ሙጫ ነካ ነካ አድርጌ በገጽ ላይ ለጥፌያት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደብተሩን ስገልጥ ሙጫው ባረፈባቸው አራት ቦታዎች ላይ ሻይ የፈሰሰ የሚመስል ቡናማ ምልክት ወጥቷል። ላነሣት ስሞክር ወረቀቱ ተልጦ አብሮ መጣ፤ ጨርቁም እዚያው ላይ እንደ ቅርፊት ደርቋል። በሁለቱም ፊቱ የሚያጣብቅ ፕላስተርም እንደዚሁ ነው፤ ሙጫው በጊዜ ብዛት ወደ ጨርቁ እየሰረገ ይሄዳል። ሌላም ምክንያት አለ። አየሩ ሲረጥብና ሲደርቅ ጨርቅና ወረቀት እኩል አይሰፉም፣ እኩል አይኮማተሩም፤ የተለጠፈ ጨርቅ መላወሻ ስለሌለው ይጨማደዳል፤ የተሰፋ ጨርቅ ግን በስፌቱ መካከል ትንፋሽ ያገኛል።

የምሰፋው እንዲህ ነው። ጥልፉን ስሠራ ጀምሮ ዙሪያውን ቢያንስ 3 ሴንቲሜትር ባዶ ጨርቅ እተዋለሁ፤ ዳሩም እንዳይተረተር እቀመቅመዋለሁ። ከዚያ በገጹ ላይ የላይኛው ጠርዝ የሚያርፍበትን መሥመር በእርሳስ ሳስቼ አሰምርና፣ በመሥመሩ ላይ በየ1 ሴንቲሜትሩ በመርፌ ቀዳዳ እበሳለሁ። ቀዳዳዎቹ ከተቀራረቡ ወረቀቱ እንደ ቴምብር ዳር ይሆንና አንድ ቀን ተቀድዶ ይወርዳል። በአንድ ነጠላ ቀጭን የጥጥ ክር፣ ባዶውን የጨርቅ ዳር ብቻ እየነካሁ፣ ሳላጠብቅ እሰፋለሁ፤ ክሩ ጨርቁን ይይዛል እንጂ አይጎትትም። የምሰፋው የላይኛውን ጠርዝ ብቻ ነው። የታችኞቹን ሁለት ማዕዘኖች ደግሞ እንደ ድሮ የፎቶ አልበም ከወረቀት በተሠሩ ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ኪሶች ውስጥ አስገባቸዋለሁ። ማዕዘኖቹ ከኪሳቸው ሲወጡ ጥልፉ እንደ መጋረጃ ይነሣል፤ ግልባጩም ይታያል።

ግልባጩ መታየቱ ለምን ይጠቅማል የሚል ካለ፣ ጥልፍ የሚሠራ ሰው የሌላውን ሥራ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገውን ይመልከት፤ ገልበጥ አድርጎ ያየዋል። ክሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ሄደ፣ ቋጠሮው የት እንደ ተደበቀ፣ ሠሪው የት ላይ ተሳስቶ እንደ ፈታ የሚነበበው በግልባጩ ነው። የእኔ ግልባጮች አብዛኞቹ የሚያኮሩ አይደሉም፤ ቢሆንም ከፊት ገጻቸው ይልቅ ብዙ ያስተምሩኛል።

ወደ ገጹ ከመግባቱ በፊት ጥልፉ ንጹሕ መሆን አለበት፤ የእጅ ወዝ ዛሬ ባይታይም ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል፤ ብልንም ይጠራል። ቀለሙ የማይለቅ መሆኑን ለማወቅ ነጭ ጨርቅ አርጥቦ በግልባጩ በኩል ክሩ ላይ ጫን ማድረግ ይበቃል፤ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ክሮች በተለይ ይፈተኑ። የማይለቅ ከሆነ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ተለቅልቆ፣ ተዘርግቶ ይድረቅ። ካውያ የሚነካው በግልባጩ ብቻ ነው፤ ከሥሩም ወፍራም ፎጣ ይነጠፋል፤ አለዚያ ከፍ ከፍ ብሎ የተሠራው ስፌት ይደፈጠጣል። ንድፉ በሙቀት በሚጠፋ እስክሪብቶ የተሠራ ከሆነ ቀለሙ ጠፋ እንጂ እንዳልወጣ አስታውሱ፤ ኃይለኛ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ተመልሶ ይታያል። የብረት ክር ያለበትንና ያረጀውን ሥራ ግን አታጥቡ።

ዶቃ ወይም ከፍ ያለ ቋጠሮ ላለበት ሥራ መሙያው ብቻውን አይበቃም፤ ፊት ለፊቱ ያለው ገጽ እየታሸበት ክሩን ያሻክረዋልና። ለእንዲህ ያለው ጥልፍ መስኮት እቆርጥለታለሁ። ከጥልፉ ጥቂት ከፍ የሚል ውፍረት ያለው ከአሲድ ነጻ ካርቶን ተቆርጦ በጥልፉ ዙሪያ እንደ ክፈፍ ያርፋል፤ ደብተሩ ሲዘጋ የሚቀጥለው ገጽ የሚያርፈው በክፈፉ ላይ ይሆናል፤ ጥልፉ ከሥር በጥላው ያድራል። ወፍራም ካርቶን እንደ ወረቀት ስለማይታጠፍ ክፈፉ ጀርባው ድረስ መድረስ የለበትም፤ መሙያው ካለቀበት ይጀምር፤ የመሙያውም ውፍረት ከጥልፉ ሳይሆን ከክፈፉ ጋር ይመጣጠን። ሥራው ጊዜ ይወስዳል፤ ስለታም ምላጭ፣ የብረት ማስመሪያና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በአንድ ጊዜ ጫን ብሎ ከመቁረጥ አምስት ጊዜ ቀለል እያደረጉ መመላለስ ይሻላል።

ሽፋኑን ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ አምጥቼዋለሁ፤ ብዙዎች የሚጀምሩት ከእርሱ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ የጥጥ ወይም የሊነን ጨርቅ ይመረጣል፤ ሳሳ ያለ ወይም የሚለጠጥ ጨርቅ ሙጫ ያሳልፋል። ጥቅጥቅ ያለውም ቢሆን በቀጥታ ካርቶን ላይ ከተለጠፈ ሙጫው ሰርጎ በፊቱ ላይ ነጠብጣብ ያወጣል። ስለዚህ ጨርቁ አስቀድሞ በስስ ወረቀት ይደገፋል። ጨርቁን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ንጹሕ መስታወት ላይ ዘርግታችሁ ውኃ እርጭ እርጭ አድርጉበት፤ ድሩ ቀጥ እስኪል በመዳፍ አስተካክሉት፤ ስሱን ወረቀት ደግሞ በደንብ በበሰለ የስንዴ ስታርች ሙጫ ቀብታችሁ በላዩ አስተኙት፤ ከመካከል ወደ ዳር በብሩሽ አየሩን አስወጡ፤ ሳትነካኩት እስከ ማግስቱ ይድረቅ። ሲላቀቅ ጨርቅም ወረቀትም የሆነ፣ የማይተረተር፣ እንደ ልብ የሚቆረጥ ነገር ታገኛላችሁ። ስታርቹ ለሚያስቸግረው፣ በካውያ የሚጣበቀው የልብስ ሰፊዎች ገበርም ይሠራል፤ እኔ ስታርቹን የምመርጠው በውኃ ስለሚላቀቅ ነው።

ጠራዦች ገበታ ለሚሉት የሽፋኑ ጠንካራ ክፍል 2 ወይም 2.5 ሚሊሜትር ካርቶን ይበቃል። የገበታው ቁመት ከገጹ ቁመት በ6 ሚሊሜትር ይበልጣል፤ 3ቱ ከላይ፣ 3ቱ ከታች። በገበታውና በጀርባው ቁራጭ መካከል ለመታጠፊያ ከ7 እስከ 8 ሚሊሜትር ክፍት ይተዋል፤ ይህ ከጠበበ ደብተሩ ሲገለጥ ይገትራል፤ ከሰፋ ገጾቹ ይወዛወዛሉ። ጨርቁ በዙሪያው 2 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ማዕዘኑ በ45 ዲግሪ ሲቆረጥ መቀሱ የካርቶኑን ጫፍ መንካት የለበትም፤ የካርቶኑን ውፍረት አንድ ተኩል ያህል ርቀት ካልተተወ ጫፉ ራቁቱን ይቀራል። ሙጫ የሚቀባው ካርቶኑ እንጂ ጨርቁ አይደለም፤ ጨርቁ ባነሰ እርጥበት ይጣበቃል። ጨርቁ ሲደርቅ ገበታውን ወደ ውጭ ይስበዋል፤ በውስጥ በኩል የሚለጠፈው ወረቀት ደግሞ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሁለቱ ተመዛዝነው ቀጥ እንዲል ሽፋኑ በክብደት ሥር ማደር አለበት። ትዕግሥት አጥቶ ሌሊት ተነሥቶ የገለጠ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልናገርም፤ እዚህ ቆሞ እያናገራችሁ ነው።

ሽፋኑ ላይ ራሱ ጥልፍ ማኖር የሚፈልግ ብዙ ነው፤ እኔም ፈተናው ይገባኛል። ከደብተሩ ሁሉ እጅና ጠረጴዛ የሚነካው ግን ሽፋኑ ነውና በዚያ የሚወጣ ጥልፍ መጀመሪያ የሚያልቀው እርሱ ይሆናል። የግድ ከሆነ ገበታውን ከሁለት ስስ ካርቶኖች አጣብቁ፤ የላይኛው ካርቶን መስኮት ይቆረጥለት፤ ጥልፉ ጎድጎድ ባለው ቦታ ይግባ። ዘንድሮ የሠራችሁትን ምርጥ ሥራ ግን ለዚህ አትስጡ።

ደብተሩ ሲገለጥ ጥልፉ በቀኝ ገጽ፣ ጽሑፉ በግራ ገጽ ይሆናል። ግራው ገጽ የቀደመው ቅጠል ጀርባ ስለሆነ የቀደመው ጥልፍ ስፌት ትንንሽ ሆኖ ይታይበታል፤ ጽሑፉን በስስ ወረቀት ላይ ጽፌ በአንድ ጠርዙ ብቻ በስታርች ነካ አድርጌ ሳሳርፈው ስፌቱም ይሸፈናል። የምጽፈው የጨርቁን ዐይነት፣ የክሩን ቁጥር፣ የጀመርሁበትንና የጨረስሁበትን ቀን፣ ንድፉ ከየት እንደ መጣ፣ የትኛው ቦታ እንዳስቸገረኝ ነው። የምጽፈው በእርሳስ ነው፤ የተራ እስክሪብቶ ቀለም በጊዜ ብዛት ይፈሳል፤ ፊት ለፊቱ ወዳለው ጨርቅም ይጋባል። የክሩን ቁጥር መጻፍ የቢሮ ሥራ የሚመስለው ይኖራል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ቅጠል ተበጥሶ ለመጠገን ያንኑ አረንጓዴ ክር የፈለገ ሰው ግን ዋጋውን ያውቀዋል። ፒንና ስቴፕለር ወደ ገጹ አይግቡ፤ ይዝጋሉ፤ ዝገትም ከጨርቅ አይወጣም።

የተጠናቀቀው ደብተር በመደርደሪያ ላይ ቆሞ ከሚከርም በጎኑ ቢተኛ ይሻላል፤ የገጾቹ ክብደት ወደ ታች እየጎተተ ስፌቱን ያላላዋልና። በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከውጭ ግድግዳና ከወጥ ቤት እንፋሎት ራቅ አድርጎ ማኖር፤ በየጊዜውም ማውጣትና አየር ማሳየት። ገልጦ ማየት ራሱ አንድ የእንክብካቤ መንገድ ነው፤ ብልም ሻጋታም መጀመሪያ የሚታዩት ለሚገልጥ ሰው ነው።

ሁለተኛው ደብተሬ ይኸውና። ይህኛው ይዘጋል። ከቀኝ ወገን ጀምሮ በየተራ ይዙር። ጓንት አላመጣሁም፤ ታጥቦ የደረቀ እጅ ገጽን ከጓንት በተሻለ ይይዛል፤ በጓንት ውስጥ ጣት የወረቀቱን ስስነት አይለይምና ይቀድዳል። ገጹን ከላይኛው ማዕዘን ያዙ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ያለችውን ወፍ ማዕዘኖቿን ከኪሳቸው አውጥታችሁ ገልብጧት፤ ክንፏ ሥር ሦስት ጊዜ ፈትቼ የሠራሁበት ቦታ አለ፤ ጥያቄያችሁን ከዚያ እንጀምራለን።